ጓሮው ወደ ፊት ይምጣ

ከተማ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት አትክልት ቦታ አለው። አንደኛው ከውጭው በር እስከ ሳሎን ድረስ ያለው፣ እንግዳ ሲገባ የሚያየው ነው። ሣር ለብሷል፤ ዳር ዳሩን በመቀስ የተስተካከለ የፈረንጅ ጥድ ይዞታል፤ ግንቡ ላይ ቡገንቪላ ተንጠልጥሏል፤ አቅም ከተገኘም በር ላይ ዘንባባ ቆሟል። ሁለተኛው ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ነው። እሱን ላሳምረው ብሎ የተነሣ የለም። ጌሾው ለጠላና ለጠጅ ነው፤ ግራዋው ጋንና እንስራ ለማጠብ ይፈለጋል፤ ዳማ ከሴው ምች ለመታው ሰው ነው፤ በሶብላው ለበርበሬ፣ ኮሰረቱ ለቅቤ፤ ከቧንቧው አጠገብ ደግሞ ጎመን አለ። የፊቱ ግቢ የተተከለው ለዐይን ነው፤ ጓሮው ለድስት፣ ለጋንና ለሕመም።

ንቦች የሚውሉት ግን ጓሮ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቅ ስትል ሁለቱም ቦታ ጥቂት ቆሞ የተመለከተ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልገውም። ፊት ለፊት ያለው ግቢ ያምራል፤ አንድም የሚበር ነገር ግን አይታይበትም። ከማድ ቤቱ ኋላ፣ ያበበው በሶብላ ላይ፣ ትልቁም ትንሹም እየተጋፋ ይቀስማል።

ይህን እንደ ተራ ነገር ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ስለ ውበት ያለንን አስተሳሰብ ከሥሩ የሚነካ ጉዳይ ይመስለኛል። ለማሳመር ብለን የደከምንበትን ቦታ ሕይወት የሸሸው፣ ማንም ሳያሳምረው የቀረውን ደግሞ የመረጠው ለምንድን ነው?

ጽጌረዳን ቀረብ ብሎ ማየት የመልሱን መንገድ ያሳያል። በአበባ መሸጫ ሱቅ የምናገኘው፣ ከዝዋይና ከሆለታ እርሻዎች ተነሥቶ በአውሮፕላን ወደ ኔዘርላንድስ የሚጫነው ጽጌረዳ የብዙ መቶ ዓመታት የሰው ምርጫ ውጤት ነው። ሰው ድርብርብ አበባ ወደደ፤ ስለወደደም ድርብርቡን ብቻ እየለየ አባዛ። የተደረበው ቅጠል ግን ከባዶ አልመጣም። በአበባው መሐል ቆመው ብናኝ የሚሸከሙት ወንዴ ክሮች ናቸው ወደ ቅጠልነት የተለወጡት። አንዱን አበባ ይዞ ቅጠሉን በጣት እየገለጡ ወደ ውስጥ ቢገቡ ቅጠል ከቅጠል ሥር ይወጣል፤ መሐሉ ላይ ሲደረስ ያሉት ክሮች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ የለውም። ንብ እንዲህ ያለው አበባ ላይ ስታርፍ ትዞራለች፣ መግቢያ ትፈልጋለች፣ ታጣለች፣ ትሄዳለች።

አሁን ቀጋን እንይ። ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለች ብቸኛ ጽጌረዳ ናት። በደጋው ዳገት፣ በእርሻ ድንበርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ በእሾኋ ተከብራ ትኖራለች፤ ቀይ ፍሬዋን የማያውቅ እረኛ የለም። አበባዋ አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ ነው ያለው። አምስቱ ቅጠሎች እንደ ሳህን ተዘርግተው መሐል ላይ ብዙ ቢጫ ክር ያቆማሉ፤ ክሩ ሁሉ ጫፉ ላይ ብናኝ ይዟል። ንብ ስታርፍ ወዲያው ሥራ ትጀምራለች። በክሮቹ መካከል እየዋኘች ትዞራለች፤ ደረቷና ሆዷ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያም በፊተኞቹ እግሮቿ ጠራርጋ ወደ ኋላ እግሮቿ ታሸጋግረውና ጠቅልላ ትጭነዋለች። ከአበባ አበባ ስትሄድ ግን የጠረገችው ሁሉ አይጠረግላትም፤ የቀረው ጥቂቱ ነው ቀጣዩን ፍሬ የሚያስቋጥረው።

ሁለቱ አበቦች የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። አንዱን ሰው እንደ ወደደው አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ከሰው በቀር የሚፈልገው ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1793 ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንገል የሚባል፣ በዚያን ጊዜ በርሊን አጠገብ በነበረችው በሽፓንዳው ያስተምር የነበረ ሰው አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ነገሩ የጀመረው በ1787 በአንዲት የጫካ አበባ ነው። ከቅጠሏ ግርጌ እጅግ ጥቃቅን ፀጉር አየ፤ ፈጣሪ አንዲት ፀጉር እንኳ ያለ ምክንያት አያበቅልም ብሎ የሚያምን ሰው ነበርና ምክንያቱን ለዓመታት ፈለገ። የደረሰበት ነገር ይህ ነው፦ ፀጉሩ ጣፋጩን ፈሳሽ ከዝናብ ይጋርዳል፤ ፈሳሹ የተዘጋጀው ለነፍሳት ነው፤ ቀለሙ ነፍሳትን ከሩቅ ይጠራል፤ በቅጠሉ ላይ ያሉት ነጠብጣቦችና መስመሮች ደግሞ መግቢያውን ያመለክታሉ። በዘመኑ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። አበባ ለሰው ደስታ የተፈጠረ ነው ብሎ ለኖረ ዓለም ነገሩ ደስ የሚል አልነበረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ዳርዊን ነው መጽሐፉን ከተረሳበት አንሥቶ ክብር የሰጠው።

በኋላ የኖቤል ሽልማትን በ1973 የተቀበለው ካርል ፎን ፍሪሽ ንብ ቀለም እንደምትለይ አሳየ። የእርሷ ዐይን ከእኛ ዐይን የተለየ ነው። ቀይ ቀለም አይታያትም፤ እኛ የማናየውን፣ ከሐምራዊ ማዶ ያለውን የብርሃን ዓይነት ግን ታያለች። በርካታ የአደይ አበባ ዘመዶች ለእኛ ወጥ ቢጫ ናቸው፤ ለንብ ግን ዳራቸው የሚያበራ፣ መሐላቸው የጠቆረ ነው። ቅጠሉ ላይ ምግቡ ያለበት ቦታ ተከብቦ ተሥሏል ማለት ነው፤ እኛም በየመስከረሙ እናደንቀዋለን እንጂ ይህን ሥዕል ፈጽሞ አይተነው አናውቅም።

እንግዲህ አበባ ለሌላ የተላከ ደብዳቤ ነው። እኛ ቆመን ጽሕፈቱ ያምራል እንላለን፤ ቃሉ ግን ለሌላ ነው። ይህን መቀበል ሰውን ያሳንሰዋል የሚሉ ይኖራሉ። እኔ አይመስለኝም። ሰው ያልተጠራበትን ነገር ሲያይ መደነቁ፣ ለእርሱ ያልታሰበውን መውደድ መቻሉ፣ ከምናውቃቸው ፍጥረታት ሁሉ የሚለየው ትልቅ ችሎታው ነው። ንብ የቀጋን አበባ አታደንቅም፤ ትሠራበታለች። የምናደንቀው እኛ ነን። በዚህ ዓለም ላይ ሳያስፈልገው የሚያደንቅ ካለ፣ ቢያንስ የሚያደንቀውን ነገር አለማበላሸት አለበት።

በአገሩ የበቀለ ተክልና በአገሩ የኖረ ነፍሳት እንዴት እንደተስማሙ ለማየት ደግሞ እምቧይ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እምቧይን የሚንቀው እንጂ የሚተክለው የለም፤ በየመንገዱ ዳር እሾህ ለብሶ ይቆማል። አበባው ወደ መሬት አዘንብሎ ቢጫ ቱቦዎች ይዟል። የቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ከመርፌ ቀዳዳ የማይበልጥ ክፍተት አለ፤ ብናኙ ያለው ከውስጥ ነው። ማር የምትሰጠን ንብ እዚህ ብዙም አይሆንላትም። እንጨት ቦርቡራ የምትኖረው ትልቋና ጥቁሯ ንብ ግን መጥታ ቱቦዎቹን ታቅፋለች፤ ክንፏን ሳትዘረጋ የክንፏን ጡንቻ ብቻ አንቀጥቅጣ ድምፅ ታወጣለች፤ ያን ጊዜ ብናኙ በቀዳዳዎቹ እንደ ጢስ ቡን ብሎ ይወጣል። ድምፁ ከተራ የበረራ ድምፅ ቀጠን ያለ ነው፤ ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠ ሰው ይለያል። ቲማቲምም የእምቧይ ዘመድ ነው፤ አበባው ሲንቀጠቀጥለት ፍሬ መያዙ ያምራል። ይህች ንብ የምትኖረው በደረቀ እንጨት ውስጥ ነው። ግቢውን ለማጽዳት ብሎ የመጨረሻዋን ደረቅ ግንድ ለማገዶ የፈለጠ ሰው ቤቷን ነው የወሰደባት።

ቀዩ አበባ ደግሞ ሌላ ተቀባይ አለው። ሬትና ኮርች ቀያቸውን የሚያሳዩት ለወፍ ነው፤ መንቆሯ ቀጭንና ቆልመም ያለው፣ ወንዱ በፀሐይ ላይ እንደ ብረት የሚያብለጨልጨው ትንሿ ወፍ ናት ደንበኛቸው። ኮርች በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በተፈጥሮ የማይገኝ ዛፍ ነው፤ የገጠር ሰው ቅርንጫፉን ቆርጦ በመትከል ብቻ አጥር ሲያደርገው ኖሯል። ይህን የሚያህል ነገር ትተን ለአጥር ከሜክሲኮ የመጣ ጥድ መግዛታችን ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ አለፍ ብዬው መሄድ አልፈልግም። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንብ ግን ትወደዋለች፤ ከእርሱ የሚቆረጠው ማር ጥቂት አይደለም። በተቃራኒው የራሳችን የሐበሻ ጥድ የሚራባው በነፋስ ነው፤ ለቀሳሚ የሚሰጠው ነገር የለውም። ታዲያ «አገር በቀል» ማለት ምን ያህል ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ ስለ ዘር ንጽሕና ከሆነ መልስ አልሰጥበትም፤ በዕፅዋት ላይ ዜግነት መፈተሽ የሚጠቅም አይመስለኝም። እኔን የሚገደኝ ዝምድና ነው። ሎሚ የውጭ ተክል ነው። ነገር ግን በየግቢው የምናየው ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ እንቁላሉን ሎሚ ላይ ይጥላል፤ ልጆቹም ቅጠሉን በልተው ያድጋሉ። ይህ የሆነው ሎሚ ከልምጭ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ነው፤ ቢራቢሮው በዚህ አህጉር ላይ ለረጅም ዘመን ከልምጭና ከወገኖቹ ጋር ኖሮ የቅጠላቸውን ጣዕም ያውቃል። ቡገንቪላ ግን እዚህ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቀለም ሆኖ የሚታየን ቅጠሉ ነው፤ አበባው በመሐሉ ያለችው ጠባብ ነጭ ቱቦ ናት፤ ወደ ታች የሚደርስ ረጅም ምላስ ያለው ብቻ ነው ከእርሷ የሚያገኘው።

በነገራችን ላይ ቢራቢሮ እወዳለሁ የሚል ሰው የተበላ ቅጠልም መውደድ አለበት። ሎሚው ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትንሽ ትል ያየ ሰው ፍሊት ይዞ ይሮጣል። የወፍ ኩስ መምሰሉ ከወፍ እንዲሰወር ነው፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ነው ያ የምንወደው ክንፍ የሚወጣው። ጥቂት የተቀዳደደ ቅጠል ሎሚውን አይገድለውም።

ከዝምድናው ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው። በደጋው አገር የንብ ዓመት ከእኛ ዓመት ጋር ይሄዳል። መስከረም ሲጠባ አደይ ይፈነዳል፣ ሜዳውን ማገጥ ይሸፍነዋል፣ ኑግ ይከተላል፤ ዋናው ማር የሚቆረጠውም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ከበልግ ዝናብ በኋላ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ቆረጣ አለ። በመካከላቸው ረሃብ አለ፤ የከረረው በጋ አንዱ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ሌላው። ንብ አናቢ ይህን ያውቃል፤ ሬይንሃርድ ፊክትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ኢትዮጵያ የንብ ቀሰም ዕፅዋት ያሳተሙት መጽሐፍም ከሚነግረን ዋና ነገር አንዱ የትኛው ተክል መቼ እንደሚያብብ ነው። አገር በቀሎቹ ወራቱን ተካፍለውታል። ግራዋ በበጋ፣ ሌላው በደረቀበት ሰዓት ያብባል፤ ብሳና ከበልጉ ጋር ይመጣል። በግቢ ውስጥ ብልህነት ማለት ሁሉም በአንድ ሳምንት እንዲያብብ ማድረግ አይደለም፤ በዓመቱ ውስጥ ባዶ ወር እንዳይኖር ማድረግ ነው። ይህን ስናደርግ ዐይናችንም ይለወጣል። አበባን የምንጠብቀው ለበዓል ብቻ መሆኑ ይቀርና በየወሩ ማን እንደሚመጣ ማወቅ እንጀምራለን።

ስለ ሆድ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በዓለም ላይ ካሉት 115 ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች 87ቱ በተለያየ መጠን በእንስሳት ርክበ ብናኝ ይጠቀማሉ። የእኛ ጤፍ ከነሱ አይደለም፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ስንዴና ገብስም እንዲሁ። እንጀራው ያለ ንብ ይጋገራል። ኑግ ግን ራሱን አያዳቅልም፤ ነፍሳት ካልመጡለት ዘይቱ የለም። ዱባም እንዲሁ፤ ባቄላና ቡና ደግሞ ያለ እነርሱ ቢያፈሩም ምርታቸው ይቀንሳል። የጾም ገበታ ላይ ከእንጀራው በላይ ያለውን ያየ ሰው ዕዳውን ያውቃል።

ንብ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ቀፎ ነው። በዓለም ላይ ግን ወደ 20,000 የሚጠጉ የንብ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጎጇቸው መሬት ውስጥ ነው። የሚጠብቁት የማር ጎተራ ስለሌላቸው ሰው ለመንደፍ አይፋጠኑም። ጣዝማም፣ ያለ መንደፊያ የምትኖረው፣ ማሯ ለመድኃኒት የሚፈለገው፣ መሬት ውስጥ ነው ቤቷ። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ጥቂት የተራቆተ፣ ውሃ የማይተኛበት አፈር ነው። በመጥረጊያ የሚጠረግ የአፈር ግቢ ለእነርሱ ይስማማቸው ነበር። አሁን ግን ቤት ሲሠራ መጨረሻ ላይ የተረፈው ገንዘብ ሲሚንቶ ላይ ይውላል። ጭቃ እንዳይገባ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ክረምት ላይ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይገባዋል። ቢሆንም ከአጥሩ ሥር አንድ ክንድ የሚያህል አፈር ክፍት መተው ጭቃ ወደ ሳሎን አያስገባም።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጓሮ ውስጥ ጎመን አየሁ፤ ደረት ድረስ ወጥቶ፣ ቅጠሉ አንሶ፣ ከላይ እስከ ታች ቢጫ አብቦ። እኔ ባለፍኩባቸው ግቢዎች እንዲህ ሲሆን ይነቀላል። «እማማ፣ ይሄ እኮ አልፎበታል፣ ለምን አይነቅሉትም?» አልኳቸው። «ለዘር ነው ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው አበባውን አዩና «ደግሞስ ለእነሱ ይሁን እንጂ፤ እኔ ቅጠሉን በልቻለሁ» አሉ። እነሱ ያሏቸው ንቦቹን ነበር። ጎመኑ ላይ የነበሩት ተቆጥረው የሚያልቁ አልነበሩም።

እኚህ እናት የተናገሩት ስለ ንብ ጥበቃ አልነበረም። ድርሻ ስለማካፈል ነበር። ጓሮ ይህን ሲያደርግ ኖሯል፤ ቅጠሉ ለሰው፣ አበባው ለነፍሳት፣ ፍሬው ለዘርና ለወፍ። ሰው የሚፈልገውን ወስዶ ሌላውን ስለሚተወው፣ አበባውም ለሰው ሲባል ስላልተለወጠ፣ ላኪውና ተቀባዩ እስከ ዛሬ አልተለያዩም። የፊት ግቢው የተበላሸው ሁሉንም ለዐይናችን ብቻ ስለጠየቅነው ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ጓሮው ወደ ፊት ይምጣ ነው። ጌሾ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ በመቀስም የሚታዘዝ ተክል ነው፤ ከየትኛው የፈረንጅ ጥድ ያንሳል? ሰንሰል ለአጥር ሆኖ ነጭ አበባውን ይደረድራል። ኮሰረት በመንገዱ ዳር ቢተከል ልብስ በነካው ቁጥር ይሸታል። ጦስኝ በድንጋይ መካከል ምንጣፍ ይሆናል። ቀጋ ግንቡ ላይ ብትወጣ የሽቦውን ሥራም ትሠራለች። ሣሩም መስከረም ላይ ለጥቂት ሳምንት ባይታጨድ በውስጡ ያለው ማገጥ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። አደይ ደግሞ ካበበ በኋላ ደርቆ ፍሬው እስኪረግፍ ድረስ ካልቆየ ለከርሞ የለም፤ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ «ደረቀ» ብሎ መንቀል የሚቀጥለውን ዓመት መንቀል ነው።

አንድ ግቢ ምን ይለውጣል የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የማር ንብ ለቀሰም ኪሎ ሜትሮችን ትሄዳለች፤ ትንንሾቹ ግን ከጥቂት መቶ ሜትሮች አያልፉም። ለእነርሱ የአንድ ሰው አጥር ጠቅላላ አገር ነው፤ ሁለት ጎረቤት ከተከለ ደግሞ መንገድ ተከፈተላቸው። ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሰውም በረንዳው ላይ በሶብላ ተክሎ ጥቂቱን ዘለላ ሳይቆርጥ ቢተወው ይደርሱበታል።

የሚያስቸግረው ችግኙ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ 6,000 ያህል የዕፅዋት ዓይነት አላቸው፤ ከእነዚህም ከአሥሩ አንዱ ያህል በሌላ አገር የለም። በየመንገዱ ዳር በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድሮ ከሚሸጠው መካከል ግን ከእነርሱ ወገን የሆነው እጅግ ጥቂት ነው። ችግኝ አፍይውን አልወቅስም፤ ገዢው የጠራውን ስም ነው የሚያፈላው። ቀጋ አላችሁ ወይ፣ ኮርች አላችሁ ወይ፣ ኮሰረት በችግኝ ታወጣላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ የገዢው ሥራ ነው። መጀመሪያ ላይ ይሥቁበታል፤ ቀጋ ደግሞ ይገዛል እንዴ ይሉታል። አዎ፣ ይገዛል ይበላቸው፤ ዋጋ ይቁረጥ፤ ቀብድ ይተውላቸው፤ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይምጣ።